«ማንም»፣ «ምንም» እና «ሰው» በፈረንሳይኛ፦ ስለ ኢውሱን ተውላጠ ስሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማታ ማታ፣ ሥራ ሲያበቃ፣ ጎንደር ውስጥ ለአስጎብኚዎችና ለሆቴል ሠራተኞች ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የግሱን እርባታ በትዕግሥት ይለምዱታል፤ የስሞቹንም ጾታ በሽምደዳ ይወጡታል። የሚደናቀፉት በትንንሾቹ ቃላት ላይ ነው፦ «ማንም»፣ «ምንም»፣ «ሁሉም»፣ «አንዳንዶቹ»፣ «እያንዳንዱ»። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ያው ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ።

የፈረንሳይኛውን ድምፅ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። አጻጻፉን ግን ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ ማጥናት ግድ ነው፤ ፈረንሳይኛ በየቃሉ መጨረሻ የማይነበቡ ፊደላትን ተሸክሞ ይሄዳልና። «ካን»፣ «ሪያን»፣ «ኦን» በሚሉት ውስጥ ያለው «ን» በአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ ምላስ ላንቃን አይነካም። በ«ፐርሶን» መጨረሻ ያለው ግን እንደኛው ጥርት ያለ «ን» ነው። «ዩ» ብዬ የጻፍኩትን ለማውጣት ከንፈርን «ኡ» ለማለት እንደሚያሞጠሙጡ አድርጎ «ኢ» ማለት ነው።

ኢውሱን ተውላጠ ስም ማለት ምን ማለት ነው?

«አለሙ መጣ» ብንል ስም ጠራን። «እሱ መጣ» ብንል በተውላጠ ስም ተካነው፤ ሰሚው ማን እንደሆነ ያውቃል። «ሰው መጣ» ብንል ግን አንድ የመጣ መኖሩን እንጂ ማንነቱን አልተናገርንም። ይህን ሦስተኛውን ሥራ የሚሠሩት ቃላት ኢውሱን ተውላጠ ስሞች ይባላሉ። በፈረንሳይኛ ዋና ዋናዎቹ «ኦን»፣ «ኬልካን»፣ «ኬልክ ሾዝ»፣ «ፐርሶን»፣ «ሪያን»፣ «ኦካን»፣ «ሻካን»፣ «ቱ»፣ «ፕሊዩዚየር»፣ «ሰርታን»፣ «ኬልክ ዛን»፣ «ኦትር» እና የ«ናንፖርት» ቤተሰብ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመያዝ መሞከር አይጠቅምም። እኔ ከ«ማንም» እጀምራለሁ፤ ስሕተቱ የበዛው እዚያ ነው።

«ማንም» በፈረንሳይኛ አንድ ቃል ብቻ የማይሆነው ለምንድን ነው?

«ማንም» በአማርኛ ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ አይለይም። «ማንም አይገባም» ስንል አንድም ሰው አያልፍም፤ «ማንም ይገባል» ስንል በሩ ለሁሉ ክፍት ነው። ቃሉ ያው ሆኖ ነገሩን የሚገለብጠው ግሱ ነው። ፈረንሳይኛ ግን ይህን ሥራ ለሁለት ቃላት አካፍሎታል። ግሱ አሉታ ሲሆን «ፐርሶን» ይባላል፦ «ፐርሶን ነ ፐ አንትሬ»፣ ማንም መግባት አይችልም። ግሱ አዎንታ ሲሆን «ናንፖርት ኪ» ይባላል፦ «ናንፖርት ኪ ፐ አንትሬ»፣ ማንም መግባት ይችላል።

ይህን የቃላት ዝርዝር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ያስቸግራል። አንድ ወጣት አስጎብኚ እንግዶችን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ገባ። እንግዶቹ ወደ መቅደሱ መጋረጃ እያመለከቱ ወደ ውስጥ መዝለቅ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁት። ከካህናቱ በቀር ማንም አይገባም ሊላቸው ፈለገ። ነገር ግን «ማንም» የሚለውን በቃሉ የያዘው «ናንፖርት ኪ» ብሎ ነበርና ያንኑ ተናገረ። እንግዶቹ አመስግነው ወደ መጋረጃው አመሩ፤ ዲያቆኑ ፈጥኖ ባይቆምባቸው ኖሮ ይገቡ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሲነግረን ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተማሪ «ማንም»ን ከመተርጎሙ በፊት የአማርኛውን ግስ እንዲመለከት አደርጋለሁ፦ ግሱ «አል» ወይም «አይ» ይዟል ወይስ አልያዘም?

«ምንም» ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። «ምንም አልበላም» ለማለት «ዠ ነ ማንዥ ሪያን» ይባላል። «ምንም ይሁን፣ እበላለሁ» ለማለት ደግሞ «ዠ ማንዥ ናንፖርት ኳ»። ይህ «ናንፖርት ኳ» ብቻውን በቁጣ ሲነገር «የማይረባ ነገር!» ማለት ስለሆነ እንግዳ ፊት ሲጠቀሙበት ድምፅን መጠበቅ ያስፈልጋል። «ናንፖርት ኪ» ራሱም የንቀት ቃና ሊኖረው ይችላል፤ እኛ «ማንም እየተነሣ ይናገረኛል» ስንል «ማንም» እንደሚከብደው ማለት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ «የትኛው ይምጣልዎ?» ብለው ሲጠይቁ እንግዳው «ናንፖርት ለኬል» ቢል «የትኛውም ይሁን» ማለቱ ነው። አንዱን መርጦ ማምጣት ነው፤ መልሶ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ማንም አልመጣም» ለማለት «ፓ» የማይገባው ለምንድን ነው? አሉታ አይደለም እንዴ?

አሉታ ነው። ግን «ፓ» የተቀመጠበትን ወንበር «ፐርሶን» ይዞታል። በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች «ነ» እና «ፓ» እንደ መንታ አብረው ስለሚሰጡ ተማሪው የማይነጣጠሉ ይመስሉታል። እንዲያ አይደለም። «ነ» ጓደኛ ይፈልጋል፤ ጓደኛው «ፓ» ሊሆን ይችላል፣ «ፐርሶን» ወይም «ሪያን» ወይም «ኦካን» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ፐርሶን ኔ ቨኒዩ» ማለት ማንም አልመጣም ነው። በዚህ ላይ «ፓ» ቢጨመር «ያልመጣ ሰው የለም» ወደሚል ይዞራል፤ ተናጋሪው ካሰበው ጋር ፊትና ጀርባ ይሆናል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ዕድለኛ ነው። እኛ «ማንም» ካልን በኋላ ግሱንም «አልመጣም» እንላለን፤ አሉታው በሁለት ቦታ መታየቱ አይጎረብጠንም። ፈረንሳይኛም «ፐርሶን» ካለ በኋላ ግሱ ፊት «ነ» ያኖራል። ልማዱ አለን፤ የሚቀረን «ፓ»ን ከቤት ማስቀረት ብቻ ነው።

አብረው መሄድ የሚችሉም አሉ። «ፕሊዩ» (ከእንግዲህ) እና «ዣሜ» (ፈጽሞ) ከ«ፐርሶን» እና ከ«ሪያን» ጋር ያለ ችግር ይቀመጣሉ፦ «ኢል ኒያ ፕሊዩ ፐርሶን»፣ ማንም አልቀረም፣ ሁሉም ሄዷል።

ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «ነ»ን ሲተዉ እሰማለሁ። እኔስ ልተወው?

በንግግር ይተዉታል፤ «ምንም አላየሁም» ለማለት «ዤ ሪያን ቪዩ» ሲሉ ይሰማል። ተማሪዎቼ ግን እንዲይዙት እመክራለሁ። የቋንቋው ባለቤት ሲያሳጥር ሌላው ዓረፍተ ነገሩ ይደግፈዋል፤ ተማሪ ሲያሳጥር ግን ስሕተት ይመስላል። በጽሑፍማ ፈጽሞ አይቀርም።

«ነ» በሕግ የሚቀርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ግስ የሌለው አጭር መልስ ነው፦ «ማን መጣ?» ሲባል «ፐርሶን» ብቻ። ሁለተኛው ከ«ሳን» በኋላ ነው፦ «ሳን ሪያን ዲር»፣ ምንም ሳይናገር። በአማርኛው «ሳይ» አሉታውን በሆዱ እንደያዘ ሁሉ «ሳን»ም ይዞታል።

«ፐርሶን» ሰው ማለት አይደለም እንዴ? እንዴት «ማንም» ሆነ?

ሁለቱንም ነው። «ኢዩን ፐርሶን» ሲባል ስም ነው፤ «አንድ ሰው» ማለት ሲሆን የሚነገርለት ወንድ እንኳ ቢሆን ቃሉ የአንስታይ ጾታ ነው። ፊቱ እንደ «ኢዩን» ያለ መስተአምር ሳይኖር «ነ» ያለበት ግስ ጋር ሲቆም ግን ተውላጠ ስም ነው፤ ያኔ እንደ ተባዕታይ ይቆጠራል።

ታሪኩ ደስ ይላል። «ፐርሶን» መነሻው «ሰው» የሚል አዎንታዊ ስም ነው። «ሪያን» ደግሞ በላቲን «ነገር» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ሁለቱም ከ«ነ» ጋር ብዙ ዘመን አብረው ሲኖሩ አሉታው ተጋባባቸው፤ በመጨረሻ ብቻቸውን ቆመውም «ማንም የለም»፣ «ምንም የለም» ለማለት በቁ። አማርኛም ይህን ያውቃል። «አንዳች ነገር ሰማሁ» ስንል «አንዳች» አዎንታ ነው፤ «አንዳችም አልሰማሁ» ስንል ግን ባዶ ነው። «ኦካን» ላይም ይኸው ደርሷል፦ ዛሬ «አንድም» የሚል አሉታ ቢሆንም ጥንት አዎንታዊ ነበር፤ ርዝራዡ በጽሑፍ ቋንቋ «ዶካን» በሚለው ውስጥ ቀርቷል፤ ትርጉሙም «አንዳንዶች» ነው።

«ምንም አላየሁም» እና «ማንንም አላየሁም» ስል የቃላቱ ቦታ ለምን ይለያያል?

ይህን በቃል መያዝ ነው። በኃላፊ ጊዜ «ሪያን» በረዳቱ ግስና በዋናው ግስ መካከል ይገባል፦ «ዠ ኔ ሪያን ቪዩ»። «ፐርሶን» ግን ከዋናው ግስ በኋላ ይመጣል፦ «ዠ ኔ ቪዩ ፐርሶን»። ባለቤት ሲሆኑ ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ይቆማሉ።

«ኦን» ማለት «እኛ» ነው ወይስ «ሰው»?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። «ኦን» የመጣው በላቲን «ሰው» ከሚል ቃል፣ ከ«ሆሞ» ነው። ዛሬ በፈረንሳይኛ ሰውን ወይም ወንድን የሚያመለክተው «ኦም» የዚያው ቃል ሌላ እርባታ ልጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። በጽሑፍ አንዳንዴ «ሎን» ተብሎ መገኘቱም «ሰው» ስም በነበረበት ዘመን ይዞት የነበረው መስተአምር ቅሪት ነው።

አሁን አማርኛችንን እንስማ። «ሰው ምን ይላል?» ስንል ማንን ነው የምንፈራው? አንድ የታወቀ ሰው የለም። «ሰው በሀገሩ፣ ሰው በወንዙ» ሲባልም «ሰው» የማንም ስም አይደለም፤ እኔም አንተም እሷም ነን። ፈረንሳይኛ ከ«ሰው» ተነሥቶ «ኦን» ላይ የደረሰበትን መንገድ አማርኛም ጀምሮታል። ይህን ያየ ተማሪ «ኦን»ን እንደ ባዕድ አይፈራውም። «ኦን ኔ ቢያን ሼ ሷ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ ሰው በራሱ ቤት ይደላዋል እንደማለት፣ ከነስሜቱ ይረዳዋል።

ልዩነቱ አማርኛ ለዚህ ሥራ «ሰው»ን ብቻ አለመጠቀሙ ነው። «ይባላል» እንላለን፣ «ይላሉ» እንላለን፤ ፈረንሳይኛ ሁለቱንም «ኦን ዲ» ይላል። ጎንደር ውስጥ አማርኛ ይነገራል ለማለት «ኦን ፓርል አማሪክ ዓ ጎንደር»። ለአጠቃላይ ነገር «አንተ»ንም እንጠቀማለን፦ «ከፒያሳ ወደ ታች ስትወርድ ግንቡን ታገኘዋለህ»። ያም በፈረንሳይኛ «ኦን» ሊሆን ይችላል። በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ «እኛ»ን የሚተካው እሱ ነው፦ «ኦን ኒ ቫ»፣ እንሂድ።

ትርጉሙ ብዙ ሰው ቢሆንም ግሱ ሁልጊዜ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ነው። «ሰው ይመጣል» እንጂ «ሰው ይመጣሉ» እንደማንለው። ሌላው መታወቅ ያለበት «ኦን» ባለቤት ብቻ መሆኑ ነው። «አለሙ ሰው ይወዳል» በ«ኦን» አይተረጎምም፤ እዚያ ላይ ሰው ተሳቢ ነውና «ሌ ዣን» የሚለው ስም ይገባል።

ለአስጎብኚ «ኦን» ያለው ጥቅም ከሰዋስው በላይ ነው። እንግዳን «ጫማዎን ያውልቁ» ብሎ ማዘዝ በፈረንሳይኛ ሻከር ሊል ይችላል። «ኢሲ፣ ኦን ናንሌቭ ሴ ሾሲዩር» ቢሉት፣ እዚህ ጫማ ይወለቃል ማለት ነው፤ ሕጉ የቦታው እንጂ የአስጎብኚው አይሆንም። አማርኛም እኮ ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ወር አስተምረዋለሁ።

«ኦን ና ሪያን» (ምንም የለንም) ሲባል ሲጻፍ «ኤን» አለው ወይስ የለውም?

ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ለዚህ ነው ብዙዎች የሚስቱት። «ኦን» አናባቢ ሲከተለው የመጨረሻዋ «ን» ወደ ቀጣዩ ቃል ትሻገራለች፤ «ኦን ና ፋን»፣ ርቦናል። አሉታ ሲሆንም ድምፁ ያው «ኦን ና» ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ሌላ «ኤን» የምትባል ፊደል ከነጭረቷ መጨመር አለባት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «ኦን»ን አውጥቶ «ኢል» ማስገባት። «ኢል ና ሪያን» የሚል ከሆነ «ኤን» ይጻፋል፤ «ኢል ላ ፋን» የሚል ከሆነ አይጻፍም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ሪያን»፣ «ፐርሶን» ወይም «ፓ» ካለ ማመንታት አያስፈልግም።

«ኬልካን» እና «ኬልክ ሾዝ» መቼ ይሠራሉ?

የሰው ግቢ በር ላይ ቆመን «ቤቶች! ሰው የለም?» እንላለን። ፈረንሳዩ እዚያው ቦታ ቆሞ «ኢል ያ ኬልካን?» ይላል፤ ሰው አለ? «ኬልክ ሾዝ» ደግሞ «አንድ ነገር» ነው። ለሴትም ለወንድም «ኬልካን» ያው ነው። በአሉታ ግን ሁለቱም ቦታቸውን ይለቃሉ፤ «ኬልካን» ለ«ፐርሶን»፣ «ኬልክ ሾዝ» ለ«ሪያን»። ለምስጋና የሚሰጠው መልስ «ደ ሪያን» ከእኛ «ምንም አይደለም» ጋር መንታ መሆኑን ለጀማሪ ስነግር ፊቱ ይበራል።

ቅጽል ሲከተላቸው መካከል ላይ «ደ» ትገባለች፤ ይህችን የማይረሳ ተማሪ ገና አላየሁም። «ጥሩ ነገር» ማለት «ኬልክ ሾዝ ደ ቦን» ነው፤ «አዲስ ነገር የለም» ደግሞ «ሪያን ደ ኑቮ»። ቅጽሉ ምንጊዜም ተባዕታይ ነጠላ ነው። «ሾዝ» ብቻዋን አንስታይ ስም መሆኗ እዚህ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ላክልበት። አስጎብኚዎች ስም ሲጠፋባቸው «ኬልካን» ብለው ሲያልፉ እሰማለሁ፤ «ዱሮ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም መጥቶ ነበር» ብለው ይተዉታል። ያ ሰው ሻርል ዣክ ፖንሴ ነው። ከካይሮ ተነሥቶ በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ነው። ኢውሱን ተውላጠ ስም የማይታወቀውን ወይም ሊጠራ ያልተፈለገውን ለመናገር የተሰጠ ነው። ስሙ ለሚታወቅ ሰው፣ ያውም ለከተማችን ታሪክ፣ ስሙን መጥራት ይገባል።

በ«ሻክ» እና በ«ሻካን» መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

«እያንዳንዱ ግንብ» ስንል «እያንዳንዱ» ስም አስከትሏል፤ ያኔ «ሻክ» ነው፦ «ሻክ ሻቶ»። «እያንዳንዱ ታሪክ አለው» ስንል ስሙ ተውጦ ብቻውን ቆሟል፤ ያኔ «ሻካን» ነው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው ነው የምንሳሳተው። «ሻካን» ጾታ ይለያል፤ ቤተ ክርስቲያን በፈረንሳይኛ አንስታይ ስለሆነች ስለ አድባራቱ ስንናገር «ሻኪዩን» እንላለን።

የዚህ ቃል ውበት ከ«የየ» ጋር ሲገጥም ይታያል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከዐፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የነገሡት ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ከዚያም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯቸው ሕንፃዎች ቆመዋል። እንግዶች አንዱ ሌላውን ለምን አልወረሰም ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ «ሻካን አ ኮንስትርዊ ሶን ሻቶ» ነው፤ ሁሉም የየራሱን ግንብ ሠራ። እኛ «የየ» ብለን የምናከፋፍለውን ፈረንሳይኛ በ«ሻካን» እና በ«ሶን» ያከፋፍለዋል። «ሁሉም ወደየቤቱ ገባ» ለማለት ደግሞ ከ«ኦን» ጋር ያየነው «ሷ» ይመለሳል፦ «ሻካን ኤ ራንትሬ ሼ ሷ»።

አንድ ወጥመድ አለ። እኛ «እያንዳንዳችን እናውቃለን» እንላለን፤ ግሱ «እኛ»ን ይከተላል። ፈረንሳይኛ ግን «ሻካን ደ ኑ ሴ» ይላል፤ ግሱ ከ«ኑ» ጋር ሳይሆን ከ«ሻካን» ጋር፣ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ይረባል።

«ቱ» እና «ቱስ» የሚባለው መቼ ነው?

በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ «ኤስ» አለ። ስም ፊት ቅጽል ሆኖ ሲቆም «ኤስ» አይነበብም፦ «ቱ ሌ ዡር»፣ በየቀኑ። ራሱን ችሎ ተውላጠ ስም ሲሆን ይነበባል፦ «ኢል ሶን ቱስ ቨኒዩ»፣ ሁሉም መጡ። ለሴቶች «ቱት» ነው፤ እዚያ ላይ የንባብ ጣጣ የለም። ነጠላው «ቱ» ደግሞ «ሁሉ ነገር» ማለት ነው፦ «ቱ ቫ ቢያን»፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው።

ተሳቢ ሲሆን አማርኛ መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎልናል። «ሁሉንም አየኋቸው» ስንል «ሁሉንም» ብለን አንበቃም፤ ግሱ ላይ «ኣቸው» እንጨምራለን። ፈረንሳይኛም ግሱ ፊት «ሌ» ይጨምራል፦ «ዠ ሌ ዜ ቱስ ቪዩ»። «ሰው ሁሉ» የሚለውም «ቱ ል ሞንድ» ሲሆን፣ «ሰው ሁሉ መጣ» እንደምንለው ግሱ ነጠላ ነው። «ላ ፕሊዩፓር» (አብዛኞቹ) ግን ብዙ ቁጥር ይፈልጋል። የጎንደር አድባራት በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የደረሰባቸውን ስንናገር «ላ ፕሊዩፓር» ብለን ግሱን በብዙ ቁጥር እናስከትላለን። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መትረፉን በ«ፓ ቱት» (ሁሉም ግን አይደሉም) ማስገባት ይቻላል።

«ጥቂት ገዛሁ» ስል አስተማሪዬ «አን» ጎድሏል ይለኛል። «አን» ምንድን ነው?

«ከእነሱ ውስጥ» ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ መሶብ አይተህ ጥቂት ገዝተህ ቢሆን፣ በአማርኛ «ጥቂት ገዛሁ» በቂ ነው፤ ስለ መሶብ መሆኑ ይታወቃል። ፈረንሳይኛ ግን ብዛት የሚናገር ተውላጠ ስም ተሳቢ ሲሆን ግሱ ፊት «አን» እንዲኖር ያስገድዳል፦ «ዣን ኔ አሽቴ ኬልክ ዛን»። «በርከት ያሉ አሉኝ» ለማለትም «ዣን ኔ ፕሊዩዚየር»። ቃሉ ባለቤት ሲሆን «አን» አያስፈልግም።

«ፕሊዩዚየር»ን «ብዙ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከአንድ በላይ መሆኑን ይናገራል እንጂ ብዛትን አያጋንንም፤ «በርከት ያሉ» ወይም «የተለያዩ» ይቀርበዋል። ሴትና ወንድ አይለይም። «ሰርታን» ደግሞ «አንዳንዶች» ነው፤ ተናጋሪው እያወቃቸው ስማቸውን የማይጠራ ዓይነት ስሜት አለው።

ጎንደር ውስጥ «ኬልክ ዚዩን» የምትለዋ አንስታይ ቅርጽ ልብ የሚነካ ቦታ አላት። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን በ1932 እ.ኤ.አ. የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ የተባለው የፈረንሳይ ቡድን አንሥቶ ወሰዳቸው፤ በምትካቸውም አዲስ የተሣሉ አኖረ። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከፓሪስ የመጣ እንግዳ «ዣን ኔ ቪዩ ኬልክ ዚዩን» ቢል፣ ከእነዚያ የተወሰኑትን አይቻለሁ ማለቱ ነው። «አን»ን ያልሰማ አስጎብኚ ስለ ምን እንደሚነገረው አይገባውም፤ ስለ ገዛ ከተማው ቅርስ የሚደረግ ወሬ ያመልጠዋል።

«ሌሎች» ለማለት «ዴ ዞትር» ወይስ «ዶትር»?

«ዶትር»። «ዴ ዞትር» ቢባል «የሌሎቹ» ይሆናል። የታወቁት ሌሎች ሲሆኑ «ሌ ዞትር» ነው።

«እርስ በርስ» ከዚሁ ቃል ይገኛል፦ «ሌ ዛን ሌ ዞትር»። መስተዋድድ ሲኖር መካከላቸው ይገባል፦ «ሌ ዛን አቬክ ሌ ዞትር»፣ አንዱ ከሌላው ጋር። ብዙዎች መስተዋድዱን መጀመሪያ ላይ ይሰድሩታል። «እርስ በርስ» ራሱ «በ»ን በመካከሉ እንደያዘ ማስታወስ ነው።

«እገሌ» በፈረንሳይኛ አለ?

አለ፤ ሳስተምረው ሁልጊዜ ክፍሉ ይነቃቃል። ለወንድ «አንቴል»፣ ለሴት «ኢዩንቴል» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ «ምስዩ» ወይም «ማዳም» ይቀድመዋል። «አቶ እገሌ ደውለው ነበር» ለማለት «ምስዩ አንቴል አ ቴሌፎኔ»። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ተማሪዬ ስለ «እንትን»ም ጠይቃኝ ነበር። ለሚረሳ ዕቃ «ትሪዩክ» የሚባል ስም አለ፤ ግን የቤት ቃል ስለሆነ ከእንግዳ ጋር «ኬልክ ሾዝ» ብሎ በእጅ ማመልከት ይሻላል።